የእትዬ ብዙነሽ ሰዓት

ፋይሉን ለአራተኛ ጊዜ ከፈተችው፤ ለአራተኛ ጊዜ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ነጣ፣ ትንሿ ክብ መሽከርከር ጀመረች፣ ከዚያ ወዲያ ማውሱን ብትገፋውም ኪቦርዱን ብትጠቀጥቀውም የሚመልስ የለም። ብዙነሽ እጆቿን አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"አሁንም ስታክ አደረገ?" አለ ቀዳማዊ ከበሩ ላይ።

"አንተ ትናንት ከነካካኸው ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም።"

ቀዳማዊ ከእሷ ሁለት በር አልፎ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን፣ ሠላሳ ዓመት ገና ያልሞላው ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ትናንት ሰላም ሊላት ገብቶ "የዚህ ሲስተም ጊዜው አልፏል" የሚል ማሳሰቢያ ስክሪኗ ላይ ሲያይ፣ ቫይረስ ሳይበላት ብሎ በራሱ ስልክ ኢንተርኔት አዲሱን ጫነላት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀበት። ውስጡን ከፍቶ አቧራውን አራገፈ፣ ትንሿን ክብ ባትሪ ለወጠ፣ "አሁን አዲስ ሆኗል" ብሎ ሄደ። ብዙነሽም መርቃ ሸኘችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

እውነትም አዲስ ሆኗል። ስክሪኑ ላይ የማታውቀው ሐይቅና ተራራ መጥቷል፣ ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። ያልሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እንጀራዋ ነው። "ብዕሬ" ይባላል። ከሃያ ዓመት በፊት ዘርዓብሩክ የሚባል መሐንዲስ፣ የጽሕፈት መኪና የለመዱ ሴቶች ጣታቸው እንዳይጠፋባቸው ብሎ፣ ቁልፎቹን እንደ መኪናው አሰላለፍ ደርድሮ የሠራው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። መብራት ሲጠፋ ጽሑፍ አብሮ እንዳይጠፋም በየአምስት ደቂቃው ቅጂ እንዲያስቀምጥ አድርጎታል። ዘርዓብሩክ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ፕሮግራሙ ግን እስከ ትናንት ድረስ ደህና ነበር።

ብዙነሽ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ስትጽፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን "ነገ ተመለሱ" ብላ የሸኘችው ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር ጭራሽ የማይሠራለት ሰው ግድግዳው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ይህች ሰው አልማዜ ናት። ማዞሪያው ላይ ቅቤና አይብ ትሸጣለች። ከደቡብ ምዕራብ ከእህቷ ጋር በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ኮልፌ ያደገች፣ ራሷ ያልወለደች፣ ግን እናት የሆነች ሴት ናት። እህቷ ስትሞት የአንድ ዓመት ሕፃን ትታ ነበር፤ ሳያትን። አባትየው በየነ ያኔ ለቀብር እንኳ አልተገኘም። አሁን ሳያት አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት መጥቶ ልጄን ስጡኝ ብሎ ከሰሰ። አልማዜ መልሷን በጽሑፍ እንድታቀርብ የተቆረጠላት የመጨረሻ ቀን ዛሬ፣ ኅዳር አሥራ አንድ ነው። መዝገብ ቤቱ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈ ጉዳዩ ያለ እሷ መልስ ይታያል ተብላለች።

መልሱ ከተጻፈ ሁለት ቀን አልፎታል። አሥራ አንድ ገጽ ነው። አልማዜ ሦስት ቀን ሙሉ እየተናገረች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች፣ ብዙነሽ ጻፈችው። መልሱ እስካሁን ያልታተመው፣ የትምህርት ቤቱ ማስረጃ ዛሬ ጠዋት ስለሚመጣ አብሮ ይታተም ተብሎ ነው። ማስረጃው መጣ። ጽሑፉ የለም።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ሌላም መጥፎ ነገር አለ" አለች አልማዜ።

"ንገሪኝ።"

"አቶ ጥሩሰው አልመሰክርም አሉ። ከበየነ ጋር በአንድ እድር ነን፣ ነገ ማን ይቀብረኛል አሉኝ። ስማቸውን ያውጡልኝ።"

"ፋይሉ ይከፈት እንጂ ማውጣቱ ቀላል ነው።"

"ሁለት ምስክር ብቻ ቀረኝ። ሁለቱም የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው። ዘመድ ለዘመድ መሰከረ ነው የሚሉኝ።"

አልማዜ ከሁለት ሳምንት በፊት ብዙነሽን ራሷን ምስክር እንድትሆናት ለምናት፣ እምቢ ብላታለች። ጸሐፊ ጣት እንጂ አፍ የለውም የምትለው የቆየ ደንብ አላት። ከሳሹም ተከሳሹም፣ ገፊውም ተገፊውም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሆዱን የሚናገረው ብዙነሽ የማንም ወገን ስላልሆነች ነው። የበየነ እድር እንኳ ደብዳቤውን የሚያስጽፈው እሷ ጋ ነው። አንድ ቀን ለአንዱ የመሰከረች ጸሐፊ ጋ ሌላው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ስለዚህ ሰው ሲያለቅስ ውሃ ትሰጣለች፣ ትጽፋለች፣ ታትማለች። ከዚያ ወዲያ የለችበትም።

መስኮቱ ሥር አንዲት በርጩማ አለች። ሳያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አክስቷ ገበያዋን እስክትዘጋ እዚያ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እንዲህ ስታደርግ አምስት ዓመት ሆኗታል። ብዙነሽ በርጩማዋን አየት አድርጋ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

"በል ግባና ያበላሸኸውን አብጅ" አለችው ቀዳማዊን።

ቀዳማዊ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አጥፍቶ አበራ። ፕሮግራሙን በአሮጌው ሲስተም ላይ ያለ እንዲመስለው አድርጎ አስከፈተው፤ ቀጥ አለ። ፕሪንተሩን ነቅሎ ሞከረ፤ ቀጥ አለ። ፎንቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ የጎደለ የለም። በመጨረሻ የአልማዜን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ ወደ ሱቁ ሄደና በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ያየውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይዞ ተመለሰ። አሥራ አንዱ ገጽ በሙሉ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

አልማዜ ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"የእህቴ ስም የቱ ጋ ነው?" አለች።

ቀዳማዊ ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ውጭ የታክሲ ረዳቶቹ "አስኮ! ሳንሱሲ!" እያሉ ይጮሃሉ። ቀዳማዊ ላቡን ጠርጎ ወደ ብዙነሽ ዞረ።

"እትዬ ብዙነሽ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ፕሮግራም ሞቷል። በዓለም ላይ የሚጠቀሙበት የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እርስዎና የሠራው ሰውዬ።"

"እሱ ሞቷል።"

"ይኸው።"

"ታዲያ እኔ አለሁ አይደል? አንድ ሰው ካለው አልሞተም።"

"እሺ፣ ለዛሬ እንኳ በአዲሱ ይጻፉት። ጭኜልዎታለሁ። እንደ ስልክ ነው፤ በፈረንጁ ፊደል ድምፁን ይነኩታል፣ አማርኛውን ራሱ ያመጣዋል።"

ለአልማዜ ስትል ሞከረችው። አንድ ገጽ በስምንት ደቂቃ የምትጨርስ ሴት፣ "ተከሳሽ" የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ አጥፍታ ጀመረች። ጣቶቿ በጨለማ ክብሪት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። አንድ መስመር ስትጨርስ ሰባት ደቂቃ አልፏል። ተናደደች። በዚህ ዕድሜዋ ጣቶቿን ሰው ሲያያቸው ያፈረችበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ጽሑፉን እኔ በቃሌ ልበልልዎት?" አለች አልማዜ፤ ድምፅዋ ግን ወረደ። "ከየት ልጀምር? እህቴ የሞተችበትን ሌሊት ደግሜ ልናገር?"

"አትደግሚም" አለች ብዙነሽ።

"እንግዲያው አንድ መንገድ ነው ያለው" አለ ቀዳማዊ። "ፋይሎቹን በፍላሽ ላውጣና ፎርማት ላድርገው። ሁሉንም ከመጀመሪያው እጭነዋለሁ። የዚህ የብዕሬ ዲስክ የት ነው?"

"ዲስክ የለውም። ዘርዓብሩክ ራሱ እየመጣ ነበር የሚጭነው።"

"በቃ እሱ ይቀራል እንግዲህ። ምን ይደረግ፣ ዘመን ነው እትዬ። ከዘመን ጋር አይጣሉም።"

"እኔን ከዘመን ጋር ማን አጣላኝ? የተጣላሁት ካንተ ጋር ነው። ተነስ ከወንበሬ።"

ቀዳማዊ ተነሳ። እሷ ተቀመጠች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፤ የምታውቀው የማታደርገውን ብቻ ነበር። ፋይል መክፈቱን ተወችና ባዶ ገጽ አስወጣች። ባዶው ገጽ ያለ ምንም ችግር ወጣ። "ለተከበረው ፍርድ ቤት" ብላ ጻፈች። ጻፈላት። ሌላ መስመር ጨመረች። ይሠራል። ባለፈው ሳምንት የጻፈችውን የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፈተች፤ ቀጥ አለ። አጥፍታ አበራችና ባዶ ገጽ ከፈተች፤ ይሠራል።

"አየህ? አዲስ ይጽፋል። የድሮውን አልከፍትም ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ፋይሎቹ ናቸው የተበላሹት።"

"ሁሉም በአንድ ሌሊት? ተነጋግረው?"

ብዙነሽ የጻፈቻቸውን ሁለት መስመሮች አተመች። ወረቀቱ እየሞቀ ወጣ። ብዕሬ በያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ቀኑን ራሱ ያትማል። መነጽሯን አድርጋ ግርጌውን አየች። ቁጥሮቹን እንደገና አነበበች።

"ይሄ ምንድን ነው? አሥራ አንድ፣ ሃያ፣ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት?"

"ቀኑ ነዋ። ኖቬምበር ሃያ።"

"የማን ቀን?"

"የዓለም። እትዬ፣ የኮምፒውተርዎ ቀን ተበላሽቶ ነበር እኮ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ማርች 2018 ይላል። ሰዓቱም በስድስት ሰዓት ተዛብቷል። ባትሪው ሞቶ ነው ብዬ ለወጥኩት። አስተካከልኩልዎት።"

ብዙነሽ መነጽሯን አወለቀች።

"ማርች አይደለም። ሦስተኛ ወር ነው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ኅዳር 2018።"

ቀዳማዊ ጎንበስ ብሎ የወረቀቱን ግርጌ እንደገና አየ።

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖረችው። ፍርድ ቤት የሚገባ ወረቀት ግርጌው ላይ የፈረንጅ ቀን ይዞ እንዳይሄድ፣ ኮምፒውተሩን በሀገሩ ቀንና በሀገሩ ሰዓት ሞልታዋለች። ወር በገባ ቁጥር ወሩን ታስተካክላለች። ፈረንጅ ለሁለተኛ ወሩ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ስለሰጠው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ጳጉሜን ደግሞ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ስለማያውቃት በሯን ዘግታ ታርፋለች። ኢንተርኔቱን በስልኳ እንጂ በዚህ ኮምፒውተር ነክታው ስለማታውቅ እስከ ትናንት የተቃወማት አልነበረም።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አለችው። "ለምን እንዲህ ሆነ ብለህ አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"የተበላሸ መስሎኝ ነዋ። ግን እትዬ፣ ቀን ተለወጠ ብሎ ፕሮግራም አይደርቅም።"

"ቆይ።"

አምና የሆነው ትዝ አላት። መጋቢት ሲገባ ሰባት ብላ መሙላት ሲገባት በስህተት ስምንት ሞላች። በዚያን ቀን የከፈተችው የመጀመሪያ ፋይል ልክ እንደዚህ ነጥቶ ቀረ። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ጎረቤት አግኝታ፣ ስትመለስ ተከፍቶ አገኘችው። ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ዘርዓብሩክ ሲጭንላት የነገራትም አብሮ መጣላት፦ ፋይሉ ሲከፈት፣ ከተቀመጠበት ሰዓት ወዲህ ያለፈውን በየአምስት ደቂቃው ቆጥሮ ነው የሚጀምረው ብሏታል።

"የአንድ ወር ስህተት ሩብ ሰዓት ፈጀበት" አለች፣ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ቁጥር እየጻፈች። "ካንተ ማርች ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት እስካሁን ስንት ወር ነው?"

ቀዳማዊ በጣቱ ቆጠረ። "ዘጠና ሁለት።"

"ዘጠና ሁለት ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ሦስት ሰዓት። ነገ በዚህ ጊዜ ራሱ ይከፈት ነበር። አልሞተም አንተ፤ እየቆጠረ ነው። እኛ ነን በየአሥር ደቂቃው የምናንቀው።"

አልማዜ ብዙም አልገባትም፤ ግን ከአግዳሚው ተነስታ ቆመች።

"ቀኔን መልስልኝ" አለች ብዙነሽ።

ቀዳማዊ ጎንበስ ብሎ ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ 2018 ብሎ ሞላ። ጥቂት ቆይቶ ከታች ያለው ቀን ብድግ ብሎ ወደ 2025 ተመለሰ። እንደገና ሞላ። እንደገና ተመለሰ። ብዙነሽ ጣልቃ ገብታ ራሷ ሞላች፤ እሷንም አላከበራትም። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነው።

"አዲሱ ሲስተም እሺ አይልም" አለ ቀዳማዊ። "ከኢንተርኔት እያየ ራሱን ነው የሚያስተካክለው።"

"ኢንተርኔቱን ከየት አመጣው?"

ቀዳማዊ ኪሱን ዳበሰ። "ከስልኬ። ትናንት ያገናኘሁት አልተቋረጠም።"

"ስልክህን ይዘህ ውጣ።"

"ላጥፋው እችላለሁ እኮ እትዬ።"

"ውጣ አልኩህ። ታክሲ ተራው ድረስ ሂድ።"

ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ከታክሲዎቹ መሀል ቆመ። አንዱ ረዳት ተሳፋሪ መስሎት ክንዱን ይዞ ወደ ሳንሱሲ ታክሲ ሊያስገባው ታገለ። ብዙነሽ በመስኮቱ እያየችው "በራስህ አስተካክል" የሚለውን ምልክት ፈልጋ ዘጋች። ከዚያ ሞላች። ወር፣ ሦስት። ቀን፣ አሥራ አንድ። ዓመት፣ 2018። ሰዓት፣ ስምንት ከሃያ አምስት። እጇን አንስታ ጠበቀች። ቁጥሩ ባለበት ቀረ።

የአልማዜን ፋይል ከፈተች። ስክሪኑ ነጣ። ክቧ መዞር ጀመረች። አልማዜ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጌታን እየለመነች ነው። ብዙነሽም በሆዷ ለመነች፣ ግን ዐይኗን አልጨፈነችም። ብዕሬ ከፋይሉ ጋር የተለያየበትን ሁለት ቀን ቆጥሮ ጨረሰ፤ ደቂቃ ቢሆነው ነው። ከዚያ "ተከሳሽ፦ ወ/ሮ አልማዜ" የሚለው፣ ቀጥሎም የእህትየዋ ስም፣ ፊደሉ ሳይጎድል ወጣ።

"ይኸው እህትሽ" አለች ብዙነሽ።

አልማዜ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ብዙነሽ እንደ ልማዷ ውሃ አልቀዳችላትም። እጇን ዘርግታ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

ቀዳማዊ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ስልኩን አጥፍቶታል። ስክሪኑን አየ፣ ቀና ብሎ ብዙነሽን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ይቅርታ እትዬ" አለ። "ከታተመ በኋላ ግን ልመልሰው? ቀንህ ትክክል አይደለም እያለ ሁልጊዜ ይጨቀጭቅዎታል።"

"ይጨቅጭቀኝ።"

የትምህርት ቤቱን ማስረጃ ከዝርዝሩ ጨመረች። አሥረኛው ገጽ ላይ ደረሰች። የመከላከያ ምስክሮች። አንደኛና ሁለተኛ፣ የአልማዜ ዘመዶች። ሦስተኛ፣ አቶ ጥሩሰው። ስሙን አጠፋችው። ቁጥሩ ብቻውን ቀረ፤ ከጎኑ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ቁጥሩንም ያጥፉት" አለች አልማዜ። "ባዶውን ሲያዩት ይስቁብኛል።"

ብዙነሽ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። መስኮቱ ሥር ያለችውን በርጩማ አየች። ሳያት ክረምት ላይ እርጥብ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታጥፍባት በርጩማ። አልማዜ የቅቤ ሽታ ይዛ እየሮጠች መጥታ፣ "ቆየሁብሽ እናቴ?" የምትልባት በርጩማ። ይህን ሁሉ ያየ ዐይን አላት። ጣት ብቻ ነኝ የምትለው ለማን ነው? ዛሬ ጣቷ እንኳ በሰው እጅ ወድቆ ነበር። እድሩ ደብዳቤውን ሌላ ቦታ ያስጽፍ።

"እሱን አልነካውም" አለች።

ጣቶቿ ሳይፈልጉ አገኙት፤ አንድ ቁልፍ አልሳቱም። ቀዳማዊ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለአልማዜ እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

"ሦስተኛ። ወይዘሮ ብዙነሽ ወልደሰንበት። አድራሻ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ 18 ማዞሪያ። የምትመሰክረው፣ ሕፃን ሳያት ላለፉት አምስት ዓመታት ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ በምስክሯ መጻፊያ ቤት ተቀምጣ አክስቷን ትጠብቅ እንደነበር፣ አክስቷም አንድ ቀን እንኳ ሳትመጣ ቀርታ እንደማታውቅ።"

ብዙነሽ በአራት ነጥብ ዘጋችና ማተሚያውን ነካች። አሥራ አንዱ ገጽ አንድ በአንድ ወጣ፤ በያንዳንዱ ግርጌ 3፣ 11፣ 2018 ይላል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ወረቀቱን በአቃፊ አድርጋ ለአልማዜ ሰጠቻትና የበሯን ቁልፍ ከመሳቢያው አወጣች።

"ነጠላዬን ላድርግ" አለች። "አብረን ነው የምንሄደው።"